ሁለተኛ ባትሪ የት ይግባ? የፎር ባይ ፎር ባለቤቶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ፍሪጅ፣ የካምፕ መብራት፣ የመገናኛ ራዲዮ፣ የአየር መንፊያ። ከመንገድ ወጣ ብሎ ለሚያድር መኪና የሚጨመረው ዕቃ ሁሉ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ሁሉም ከአንድ ባትሪ ሲስቡ ካደሩ ጠዋት ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። መፍትሄው ሁለተኛ ባትሪ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ኮፈኑን ከፍቶ ላየ ሰው ቦታ ያለ አይመስልም።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ባትሪ የሚያስገባ ክፍተት ማግኘት ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ሙቀት የማይበዛበት፣ ክብደት የሚችልና ገመድ በደህና የሚደርስበት ክፍተት ማግኘት ነው። ሦስቱን ያላሟላ ጥግ የቱንም ያህል ባዶ ቢሆን ለባትሪ አይሆንም።

ሁለተኛ ባትሪ በእርግጥ ያስፈልገኛል?

ፍሪጅ ከሌላችሁ ምናልባት አያስፈልጋችሁም። ስልክ ቻርጅ ማድረግና ሁለት ሦስት የኤልኢዲ አምፖል ማታ ማብራት ጤነኛ ባትሪን አይጎዳም።

ነገሩን የሚለውጠው ፍሪጁ ነው። ኮምፕረሰር ያለው የ12 ቮልት የመኪና ፍሪጅ የራሱ ሞተር ሲሠራ ከ3 እስከ 5 አምፔር ይስባል። እየተነሳ እየጠፋ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ25 እስከ 45 አምፔር-ሰዓት (አምፔሩ በሰዓት ተባዝቶ፣ የባትሪ መያዣ ልክ የሚነገርበት) ሊበላ ይችላል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር፣ ክዳኑም በተከፈተ ቁጥር ወደ ላይኛው ቁጥር ይጠጋል። የመኪናው ባትሪ 70 አምፔር-ሰዓት ቢሆን አንድ ቀን ተኩል ቆማችሁ ስትውሉ ሞተር የማስነሻ ጉልበቱ አለቀ ማለት ነው።

በየቀኑ ሦስት አራት ሰዓት የምትነዱ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ብዙዎቹ ፍሪጆች ባትሪው ሲወርድ ራሳቸውን የሚያጠፉበት መቆጣጠሪያ አላቸው። እሱን ከፍተኛው ደረጃ ላይ አድርጋችሁ በአንድ ጥሩ ባትሪ መዝለቅ ይቻላል። እንዲህ የምለው ላስቀርባችሁ ፈልጌ አይደለም። ያልተገዛ ባትሪ ቦታ አይፈልግም፤ ስሌቱን መጀመሪያ መሥራት ይበጃል።

ሁለቱ ባትሪዎች አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም?

የለባቸውም። የማስነሻ ባትሪ ለጥቂት ሴኮንድ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር እንዲሰጥ ነው የተሠራው። ደጋግሞ እስከ ታች ድረስ ቢወርድ ቶሎ ይሞታል። ለፍሪጅና ለመብራት የሚሆነው ዲፕ ሳይክል የሚባለው ዓይነት ነው፤ ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት ይሰጣል፣ ጥልቅ መውረድንም ይችላል። ሁለተኛውን ባትሪ ስትመርጡ ይህን ዓይነት ምረጡ።

መኪናዬ ከፋብሪካ ሁለት ባትሪ ይዞ ነው የመጣው። ጨርሻለሁ ማለት ነው?

አልጨረሳችሁም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች በብርድ ለመነሳት ብዙ ጉልበት ስለሚፈልጉ ፋብሪካው ሁለት የማስነሻ ባትሪ ይገጥምላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ በፓራለል፣ ማለትም ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ የታሰሩ ናቸው። ፍሪጁ ከአንዱ ሲስብ ሁለቱም እኩል ይወርዳሉ፤ ጠዋት ሁለቱም ባዶ ናቸው። ለአንዳንድ ገበያ የተሠሩ የ80 ሲሪየስ ላንድ ክሩዘር ናፍጣዎች ደግሞ ሞተሪኖአቸው በ24 ቮልት ነው የሚሠራው። በማስነሻ ሰዓት ሁለቱ ባትሪዎች በሲሪየስ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ) ይያያዙና 24 ይሆናሉ፤ ሌላው ሥርዓት በ12 ይቀጥላል። እዚያ ላይ ሳያውቁ ተጨማሪ ገመድ መቀጠል አደገኛ ነው።

በ2018 የመጣው የጂፕ ራንግለር ትውልድም በብዙዎቹ ላይ ትንሽ ሁለተኛ ባትሪ አለው። እሷ ግን መብራት ላይ ሲቆም ሞተሩን አጥፍቶ ለሚያስነሳው ሲስተም የተቀመጠች ናት። ፍሪጅ አትችልም።

ስለዚህ ሁለት ባትሪ ካያችሁ ገመዶቹን በዓይን ተከተሉ። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ በወፍራም ገመድ በቀጥታ ከተገናኘ፣ መሃል ላይም ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማገናኛና መለያያ) ወይም ቻርጀር ከሌለ፣ ያላችሁ በሁለት የተከፈለ አንድ ባትሪ ነው። ጥሩው ነገር፣ አንዱን አንስቶ ጠንካራ ነጠላ የማስነሻ ባትሪ በመተካት የሌላውን ቦታ ለዲፕ ሳይክል ማስለቀቅ በአንዳንድ መኪና ይቻላል። የሞተሩን የማስነሻ ፍላጎት የሚያውቅ ኤሌክትሪሻን ሳያዩት ግን አትሞክሩት።

ቦታ ከመፈለጌ በፊት ባትሪውን ልግዛ ወይስ ከገዛሁ በኋላ ቦታ ልፈልግ?

ሁለቱም አይደለም። መጀመሪያ ልኩን እወቁ፣ ከዚያ በካርቶን ሞክሩት።

ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ኤጂኤም ባትሪ (ውሃ የማይጨመርበት፣ የታሸገ የእርሳስ ባትሪ) በግምት 33 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 17 ወርድና 22 እስከ 24 ቁመት አለው። ክብደቱ 30 ኪሎ አካባቢ ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት (ከዚህ በኋላ ሊቲየም የምለው) ከሆነ ያው 100 አምፔር-ሰዓት ከ10 እስከ 13 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ግን ሌላ ነው። ከእርሳስ ባትሪ ዕድሜውን ሳትጎዱ የምትጠቀሙት ግማሹን ያህል ነው። ከሊቲየሙ 80 በመቶና ከዚያ በላይ መጠቀም ይቻላል። እንግዲህ የ60 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም በሥራ ላይ የ100 ኤጂኤምን ያህል ይሰጣል ማለት ነው። የምትፈልጉት ክፍተት በአንዴ አነሰ።

አሁን ካርቶኑ። የመረጣችሁትን ባትሪ ትክክለኛ ልክ ወስዳችሁ ከካርቶን ሳጥን ሥሩ። ተርሚናሎቹ ያሉበትን ጎን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፤ ፖዘቲቩ በግራ የሆነና በቀኝ የሆነ ባትሪ ስላለ ገመዱ መድረሱንና አለመድረሱን የሚወስነው ይኼ ነው። በየአቅጣጫው አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ለማሰሪያውና ለአየር ጨምሩ። ከዚያ ሳጥኑን ባሰባችሁት ጥግ አስገቡት። እጃችሁ ከነመፍቻው ተርሚናሉ ጋ ይደርሳል? ባትሪውን ለማውጣት ወደ ላይ ስትስቡት የሚጋርደው ነገር አለ? የአየር ማጣሪያውን ክዳን መክፈት፣ የዘይቱን ልክ ማየት አሁንም ይቻላል? ካርቶን ተጣጥፎም ቢሆን ይገባል፣ ባትሪ ግን አይታጠፍም፤ ስለዚህ ሳትጫኑ አስገቡት።

ኮፈን ስር ይሻላል?

ለብዙ መኪና አዎ፣ ቦታው ካለ። ዲናሞውና የመጀመሪያው ባትሪ እዚያው ስለሆኑ ገመዱ አጭር ነው። ባትሪው ጋዝ ቢያወጣም ወደ ውጭ ይሄዳል። ውስጥ ያለው የዕቃ ቦታም አይነካም።

መጀመሪያ የሚታየው ከነባሩ ባትሪ ትይዩ ያለው የፊት ጥግ ነው፣ ከፊት መብራቱ ኋላ። ሁለት ባትሪ ይዘው የሚወጡ የናፍጣ ሞዴሎች ያሉት መኪና ከሆነ፣ የእናንተው አንድ ባትሪ ብቻ ቢኖረውም እዚያ ጥግ ላይ ክፍት ቦታ፣ አንዳንዴም የብሎን ቀዳዳው ሳይቀር ተዘጋጅቶ ይገኛል። ያኔ ለዚያ ሞዴል የተሠራውን የፋብሪካ ማስቀመጫ መግዛት ከሁሉ የተሻለ ነው። የድሮው ጂፕ ራንግለር ላይ ደግሞ ነባሩን ማስቀመጫ አውጥተው ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን የሚይዝ ሌላ ማስቀመጫ የሚተኩ አሉ። መጠናቸው መካከለኛ የሆኑ ሁለት ባትሪዎች ይበቁታል።

ጥጉ በሌላ ዕቃ ተይዞ ከሆነስ? የመስታወት ማጠቢያ ውሃው ዕቃ ቢነሳ ችግር የለውም፤ ትንሽ ቱቦ አስረዝሞ ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳል። የራዲያተሩን ትርፍ ውሃ የሚይዘው ዕቃ ግን ከፍታው ትርጉም ስላለው በዘፈቀደ ዝቅ አይደረግም። የኤቢኤስ ፓምፕ፣ የፊውዝ ሳጥንና የኤርባግ ሴንሰር ያሉበትን አትንኩ። የፊት ኤርባግ ሴንሰር ብዙ ጊዜ ከራዲያተሩ ድጋፍ ብረት ወይም ከፓራፋንጎው ውስጥ ላሜራ ጋር የታሰረ ትንሽ ነገር ስለሆነ ሳይታይ ይቀራል። በላዩ ላይ የባትሪ ማስቀመጫ ማሰር ወይም አጠገቡ በመዶሻ መምታት አይገባም።

የኮፈኑን ከፍታ ለብቻው ለኩ። የልጆች ፕላስቲሲን በካርቶኑ ላይ ተርሚናሎቹ በሚሆኑበት ቦታ ቆለል አድርጉ፣ ኮፈኑን ቀስ ብላችሁ ዝጉ፣ መልሳችሁ ክፈቱ። የቀረው የፕላስቲሲን ውፍረት በተርሚናሉና በኮፈኑ መካከል ያለው ርቀት ነው። ከ2 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ሌላ ቦታ ፈልጉ ወይም ዝቅ ያለ ባትሪ ምረጡ። ኮረኮንች ላይ ኮፈንም ባትሪም ይንቀጠቀጣሉ። ፖዘቲቭ ተርሚናል ከኮፈን ላሜራ ጋር ከተነካካ እሳት ነው። ርቀቱ በቂ ቢሆንም ተርሚናሉ ላይ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ሽፋን ይደረግ።

የሞተሩ ሙቀት ያን ያህል ይጎዳዋል?

ይጎዳዋል። ቦታ ፍለጋው ላይ ሰዎች በጣም የሚንቁት ይህን ይመስለኛል።

ለእርሳስ ባትሪ የሚሠራበት የቆየ መመሪያ አለ፦ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይጠጋል። የፊት ጥግ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ከጭስ መውጫው ማኒፎልድ ወይም ከቱርቦው ጎን ያለው ክፍተት ግን ባዶ የሆነው ያለምክንያት አይደለም። መሐንዲሶቹ ሆን ብለው የተዉት አየር እንዲያልፍበት ሊሆን ይችላል።

ሊቲየም ከሆነ ነገሩ ይጠነክራል። ባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ፣ ቢኤምኤስ የሚባለው፣ ሙቀቱ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ባትሪውን ራሱ ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ አምራቹ "ለኮፈን ስር የተሠራ ነው" ብሎ በግልጽ ካልጻፈ በቀር ሊቲየምን እዚያ አታስገቡ። በብርድም በኩል ገደብ አለው፤ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም።

ግምት ሳይሆን ልኬት ከፈለጋችሁ ሽቦ ያለው ርካሽ ቴርሞሜትር ይበቃል። ጫፉን ባሰባችሁት ጥግ እሰሩና ዳገት ያለው መንገድ ንዱ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍታችሁ ኮፈኑን ሳትከፍቱ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ከፍተኛው ቁጥር የሚመጣው ያኔ ነው፤ ማራገቢያውም ነፋሱም ሲቆም የሞተሩ ብረት የያዘውን ሙቀት ወደ ዙሪያው ይለቃል። ሲነዳ የለካ ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

ጥጉ ደህና ሆኖ አንድ ጎኑ ብቻ ከጭስ ቱቦ የሚጠጋ ከሆነ፣ የሙቀት መከላከያ ላሜራ በመካከል ማቆም ብዙ ይረዳል። ላሜራው ከባትሪው ጋር አይጣበቅ፤ በመሃሉ አየር ይለፍ።

ወንበር ስር ወይም ከኋላ፣ ከሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ቢሆንስ?

ይቻላል፤ አዲስ ሐሳብም አይደለም። እስከ 2016 ድረስ ሲመረት የቆየው የላንድሮቨር ዲፌንደር የራሱ ባትሪ ከፊት ወንበር ስር ባለ ሳጥን ውስጥ ነው። ልክ ያለው ባትሪ የመረጠ ሰው እዚያው ሁለት ያስገባበታል። እንደ ሱዙኪ ጂምኒ ያለ ኮፈኑ ስር ጠባብ የሆነ መኪና ያለው ሰውም ዞሮ ዞሮ ወደ ኋላ ነው የሚመጣው።

ከኋላ የሚታዩ ቦታዎች እነዚህ ናቸው። የኋላ ወንበር ስርና ጀርባ። ከኋላ ጎማ ሽፋኑ በላይ፣ ከጎን ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ጉድጓድ። የመሳቢያ ሣጥን ካሠራችሁ ደግሞ በመሳቢያውና በመኪናው ግድግዳ መካከል የሚቀረው ሦስት ማዕዘን። ከወንበር ጀርባ ላለው ጠባብ ክፍተት ቀጫጭን ሊቲየም ባትሪዎች አሉ፤ ውፍረታቸው ከአንድ ትልቅ መጽሐፍ ብዙም አይበልጥም።

ሁለት ነገር ግን ድርድር የለውም።

አንደኛው ጋዝ ነው። ውሃ የሚጨመርበት የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣል። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። እንዲህ ያለ ባትሪ ሰው በሚቀመጥበት ክፍል አይገባም፤ የግድ ከሆነ በታሸገ ሳጥን፣ ወደ ውጭ በሚያስተነፍስ ቱቦ ብቻ። ለውስጥ ኤጂኤም ወይም ሊቲየም ይሻላል። ኤጂኤምም ቢሆን ቻርጀሩ ተበላሽቶ ከልክ በላይ ከሞላው በቫልቩ ጋዝ ሊያወጣ ይችላልና ፈጽሞ አየር በማያገኝ ሳጥን አትቆልፉበት።

ሁለተኛው ማሰሪያ ነው። በከባድ ግጭት ወቅት መኪናው ውስጥ ያለ ዕቃ ከክብደቱ 20 እጥፍ በሚደርስ ኃይል ወደፊት ሊገፋ ይችላል። 30 ኪሎ ባትሪ በዚያች ቅጽበት 600 ኪሎ ሆኖ ወንበር ላይ ይመጣል ማለት ነው። የላስቲክ ገመድና የፕላስቲክ ማሰሪያ አይይዘውም። ማስቀመጫው ከወለሉ ላሜራ ጋር በብሎን ይታሰር፤ ከስር በኩል ሰፋ ያለ የብረት ጠፍጣፋ ይደረግበት፣ አለዚያ ብሎኑ ላሜራውን ቀዶ ይወጣል። ወለሉን ከመብሳታችሁ በፊት መኪናው ስር ግቡና እዩ። የነዳጅ ታንከር፣ የፍሬን ቱቦና የሽቦ ጥቅል በዚያው ያልፋሉ።

የፒካፕ መጫኛ ውስጥ ወይም ከሻንሲው ስር?

መጫኛው ሽፋን ካለው ጥሩ ቦታ ነው። ከተሳፋሪ የተለየ ነው፣ አየር ያገኛል፣ ከጎማ ሽፋኑ ፊት ወይም ኋላ ያለው ጥግ ለሌላ ዕቃ ብዙም አይመችም። ለፍሪጁም ቅርብ ነው።

ከሻንሲ ስር ማንጠልጠል ግን የመጨረሻ ምርጫዬ ነው። ድንጋይ ይመታዋል፣ ጭቃ ይጋገርበታል፣ ውሃ ስትሻገሩ ይጠልቃል። የግድ ከሆነ በሁለቱ የሻንሲ ብረቶች መካከል፣ ከብረቶቹ የታችኛ ጠርዝ ከፍ ብሎ፣ ውሃ በማያስገባ የብረት ሳጥን ውስጥ ይሁን። የሊቲየም ባትሪ የውሃ መከላከያ ደረጃ ካለው እዚያ ይመረጣል።

ባትሪውን በጎኑ አስተኝቶ ማስቀመጥ ይቻላል?

ኤጂኤምና ጄል (አሲዱ የረጋ የእርሳስ ባትሪ) በጎን ይተኛሉ፤ አይገለበጡም። ውሃ የሚጨመርበት ቀጥ ብሎ ብቻ። ሊቲየም ብዙዎቹ በየትኛውም አቅጣጫ ይሠራሉ፣ ግን የአምራቹን ወረቀት አንብቡ።

ከኋላ ካስቀመጥኩት የገመዱ ርቀት ችግር አይሆንም?

ገመዱ ከቀጠነ ይሆናል። ቁጥሩን እንየው።

ከፊት ባትሪ እስከ ኋላ 5 ሜትር ቢሆን፣ መመለሻውም በገመድ ከሆነ ጠቅላላው 10 ሜትር ነው። 50 አምፔር በ16 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ሲያልፍ ወደ 0.55 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። በ35 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚቀረው 0.25 ገደማ ነው። ግማሽ ቮልት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዲናሞው 14.2 ቢሰጥና ኋላ 13.65 ቢደርስ፣ እርሳስ ባትሪ ሙሉ በሙሉ ለመሙላት በጣም ይዘገያል። ሁልጊዜ ግማሽ ሙሉ ሆኖ የሚኖር ባትሪ ደግሞ ቶሎ ይሞታል።

ብዙ ሰው የሚረሳው መንገዱን ነው። ገመዱ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ ሲገባ ቀዳዳው የጎማ ቀለበት ይኑረው። የላሜራ ጠርዝ በወራት ንቅናቄ የገመዱን ልባስ ይቆርጠዋል። ሙሉ ርዝመቱ በመከላከያ ቱቦ ውስጥ ይለፍ፣ ከጭስ ቱቦ ይራቅ፣ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ይታሰር። ሁለት እኩል የሆኑ ቦታዎች ካሉ ገመዱ ቀላል መንገድ ያለውን ምረጡ።

ፊውዙ የት ይሁን?

በሁለቱም ጫፍ፣ ለእያንዳንዱ ባትሪ የተቻለውን ያህል ቅርብ። አንድ ፊውዝ አይበቃም፤ ገመዱ መሃል ላይ ቢላጥና ሻንሲ ቢነካ ከሁለቱም ባትሪ ኃይል ይመጣበታል። የፊውዙ መጠን ገመዱ ከሚችለው እንዳይበልጥ። 40 አምፔር ቻርጀር ለሚመግብ የ16 ስኩዌር ገመድ 60 አምፔር ይበቃል። ይህን ክፍል ለመቆጠብ ብላችሁ አትለፉት፤ እባካችሁ።

ሪሌይ ወይስ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር? ቻርጀሩስ ቦታ አይፈልግም?

የድሮ መኪና፣ ዲናሞው ሁልጊዜ ወደ 14 ቮልት የሚሰጥ፣ ሁለተኛው ባትሪም ኮፈን ስር ያለ እርሳስ ባትሪ ከሆነ ቮልቴጅ የሚያይ ሪሌይ ይበቃል። 13.3 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ሁለቱን ያገናኛል፣ 12.8 አካባቢ ሲወርድ ይለያያቸዋል። ትንሽ ናት፤ የትም ትገባለች።

አዳዲስ መኪኖች ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ዲናሞውን በኮምፒዩተር ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። እየተነዳ እያለ ቮልቴጁ ከ12.8 በታች ሊወርድ ይችላል። ሪሌዩ ሞተር የጠፋ መስሎት ይለያቸዋል፣ ባትሪው ሳይሞላ ይቀራል። እዚህ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር፣ ከዲናሞው የመጣውን ቮልት ለሁለተኛው ባትሪ በሚስማማው ልክ አስተካክሎ የሚሰጥ መሣሪያ፣ ግድ ነው። ለሊቲየምም እንደዚያው፤ ሊቲየም ተቀምጦ እንኳ 13.3 ቮልት አካባቢ ስለሚይዝ ሪሌዩ ላይለቅ ይችላል። ባዶ ሲሆን ደግሞ ከዲናሞው የሚችለውን ሁሉ ስቦ ያግለዋል።

ቻርጀሩ ቦታ ይፈልጋል፣ አዎ። ሲሠራ ይሞቃል፤ በጣም ሲሞቅ የሚሰጠውን አምፔር ራሱ ይቀንሳል። በካርቶናችሁ ስሌት ውስጥ አስገቡት፣ ለሁለተኛው ባትሪ ቅርብ አድርጉት፣ ክንፎቹ አየር ያግኙ። ምንጣፍ ስር አይቀበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በአዳዲስ መኪኖች የመጀመሪያው ባትሪ ኔጌቲቭ ተርሚናል ላይ ትንሽ ሴንሰር አለ። የሁለተኛውን ኔጌቲቭ ከዚያ ተርሚናል ጋር በቀጥታ አትሰሩ፤ ከሻንሲ ወይም ከቦዲ ጋር እሰሩት። ካልሆነ መኪናው የሚገባውንና የሚወጣውን በትክክል አይቆጥርም።

ማስቀመጫውን ራሴ ባስበይደው?

ጥሩ ብረት ሠራተኛ ካገኛችሁ ይቻላል። ድካሙ ያለው ከምን ላይ ትታሰራለች የሚለው ላይ ነው። የፓራፋንጎ ውስጥ ላሜራ ቀጭን ነው። 30 ኪሎ በላዩ ተሰቅሎ ኮረኮንች ላይ ሲዘል መጀመሪያ በብሎኑ ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይታያል፣ ቀጥሎ ይቀደዳል። ቢያንስ አንዱ እግር ወደ ሻንሲው ወይም ወደ ወፍራም ድጋፍ ብረት ይውረድ። ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ተጠቀሙ። ከባትሪው ስር ስስ ጎማ ይነጠፍ፣ ከላይ የሚይዘው ብረት ደግሞ ተርሚናል እንዳይነካ በጎማ ይሸፈን። ብየዳው ካለቀ በኋላ ቀለም ይቀባ፤ አሲድ የነካው ባዶ ብረት አይቆይም።

መኪናው ላይ እያለ የሚበየድ ከሆነ ሁለቱም ባትሪ ኔጌቲቫቸው ይነሳ።

የትም ቦታ ካጣሁስ?

ቋሚ ባትሪ ግድ አይደለም። እጀታ ባለው ሳጥን ውስጥ ያለ ባትሪ፣ ባለ 50 አምፔር አንደርሰን ሶኬት (ብዙ አምፔር የሚችል፣ የሚነቀልና የሚሰካ ማገናኛ) ከኋላ ይጠብቀዋል፤ ለጉዞ ሲሆን ይገባል፣ ሲመለሱ ይወጣል። በየሳምንቱ ከተማ ውስጥ 30 ኪሎ ተሸክሞ መዞር ለማይፈልግ ሰው ከቋሚው ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ሳጥኑም ቢሆን ሲነዳ መታሰር አለበት።

ብዙ ቀን አንድ ቦታ የሚቆም ሰው የ100 ዋት ሶላር ጥሩ ፀሐይ ላይ 5 አምፔር ያህል ይሰጠዋል። ያ ሲኖር ባትሪውን በግማሽ ማሳነስ ይቻላል፤ ያነሰ ባትሪ ደግሞ ትልቁ ያልገባበት ጥግ ይገባል።

ተገጥሞ ሲያልቅ ምን ላረጋግጥ?

ሞተሩ እየሠራ ሁለቱንም ባትሪ በመልቲሜትር ለኩ። በሪሌይ የተገናኙ ከሆኑ ልዩነታቸው ከ0.3 ቮልት በላይ ከሆነ ገመድ ወይም ግንኙነት ላይ ችግር አለ። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፍሪጁን እንደበራ ለአንድ ሰዓት ተዉትና መልሳችሁ ለኩ፤ የመጀመሪያው ባትሪ ቻርጁ ስለቆመ ትንሽ ወርዶ እዚያው መርጋት፣ ሁለተኛው ብቻ መውረዱን መቀጠል አለበት። ቻርጅ እየተደረገ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ የፊውዝ መያዣዎቹንና የገመድ ጫፎቹን በጣት ነካ ነካ አድርጉ። ለብ ማለት ያለ ነው፤ ጣት የማያስቀምጥ ከሆነ ያ ግንኙነት በደንብ አልጠበቀም። ከመጀመሪያው የኮረኮንች ቀን በኋላ ደግሞ ሁሉንም ብሎን በመፍቻ አጥብቁ።